ግሪፍሼር ሲገመገም፦ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የ13 ሳምንት የሐዘን ቡድን

ግሪፍሼር ዘመድ ወይም ወዳጅ የሞተባቸው አዋቂዎች በሳምንት አንድ ቀን፣ በተከታታይ ለ13 ሳምንት የሚገናኙበት የክርስቲያን መርሐ ግብር ነው። የሚያሰናዳው በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ቸርች ኢኒሺየቲቭ ነው። ይኸው ድርጅት ቀደም ብሎ ለተፋቱ ሰዎች የሚሆን ተመሳሳይ መርሐ ግብር ጀምሮ ነበር። ድርጅቱ ቪዲዮውንና የመልመጃ መጽሐፉን ያዘጋጃል፤ ቡድኑን የሚመሩት ግን የየአጥቢያው ምእመናን ናቸው። ይህን የሥራ ክፍፍል ሳያውቁ መመዝገብ አይገባም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ቡድኖች እጅግ የተራራቀ አገልግሎት ሊሰጡ ይችላሉና። ቪዲዮው የትም ቦታ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። የመጀመሪያው ድንጋጤ ያለፈለት፣ ከሰዎች ጋር መቀመጥ የሚችል፣ ስለ ትንሣኤ ተስፋ በግልጽ ሲነገረው ቅር የማይለው ሐዘንተኛ ከዚህ ቡድን ብዙ ያገኛል፤ መሪው ማዳመጥ የሚያውቅ ከሆነ። የመልመጃ መጽሐፉን ብቻ ገዝቶ ቤቱ ለሚቀመጥ ሰው ግን የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። የአገልግሎቱ ዋና ነገር ሌላው ሐዘንተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ በመጽሐፍ ውስጥ የለም።

አንድ ስብሰባ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚሆን ቪዲዮ ይታያል፤ በእሱም ላይ የምክር አገልግሎት ባለሙያዎች፣ መጋቢዎችና ራሳቸው ሐዘን የደረሰባቸው ሰዎች ይናገራሉ። ቀጥሎ ውይይት አለ። በሳምንቱ መሀል ደግሞ እያንዳንዱ ቤቱ ሆኖ የሚሠራው አጫጭር ንባብና ጥያቄ አለ። እያንዳንዱ ስብሰባ ራሱን የቻለ ስለሆነ በአምስተኛውም ሆነ በዘጠነኛው ሳምንት መግባት ይቻላል፤ ያመለጠው በሚቀጥለው ዙር ይሟላል። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ሞት የትምህርት ዘመን መክፈቻን ጠብቆ አይመጣም፤ ሰው እርዳታ በሚፈልግበት ሳምንት «ምዝገባው አልፏል» ቢባል ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

አብዛኛው ቡድን የሚበላሸው በሰዓት አጠቃቀም ነው። ስሌቱን እንመልከት። ቡድኑ 12 ሰው ቢኖረውና ለውይይት 60 ደቂቃ ቢተርፍ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 5 ደቂቃ ነው። መሪው ቪዲዮውን መልሶ ለማብራራት 20 ደቂቃ ከወሰደ ድርሻው ወደ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይወርዳል። በ3 ደቂቃ ውስጥ ማንም ስለ ሞተበት ልጁ አይናገርም፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የሁለት ሰዓቱ ስብሰባ በጎ አከፋፈል እንዲህ ነው፦ ለመግቢያና ለሰላምታ 10 ደቂቃ፣ ለቪዲዮው 30፣ ለውይይት 70፣ ለመዝጊያ ጸሎት 10። ቡድኑ ከ12 ሰው ካለፈ ቪዲዮውን በአንድነት አይቶ ለውይይቱ ለሁለት መከፈል አለበት። ከ5 ሰው ካነሰ ደግሞ ሁለት ሰው በቀረ ቀን የቀሩት ሰዎች ለመናገር የተገደዱ ያህል ይሰማቸዋል።

ወንበሩ ክብ ሆኖ ይቀመጥ፤ ጠረጴዛ በመሀል ባይኖር ይመረጣል። ሶፍት ሰው እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ይቀመጥ እንጂ ለሚያለቅስ ሰው ተሽቀዳድሞ መስጠት አያስፈልግም። የሚሰጠው ሰው ደግነቱን እያሳየ ቢሆንም ተቀባዩ የሚሰማው «በቃ፣ አሁን ዓይንህን ጥረግ» የሚል ነው። ልቅሶ በተነሣ ጊዜ ቶሎ ወደ ጸሎት መግባትም እንዲሁ ነው። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ሰዓቱ ግን አይደለም። ሰውየው አልቅሶ እስኪጨርስ፣ ከፈለገም ቀና ብሎ እስኪቀጥል ዝም ብሎ መጠበቅ ከመሪ የሚፈለግ ሥራ ነው፤ አዲስ መሪዎች ከምንም በላይ የሚቸገሩትም በዚህ ነው።

ደንቦቹ በመጀመሪያው ምሽት ጮክ ተብለው መነበብ አለባቸው፤ አዲስ ሰው በገባ ቁጥርም ይደገማሉ። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል፤ አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ እንደሚችል ከተናገረ ግን መሪው ዝም አይልም፤ ይህም አስቀድሞ ይነገራል። መናገር የማይፈልግ «ልለፍ» ማለት ይችላል፤ ለምን አይባልም። ያልተጠየቀ ምክር አይሰጥም። ሐዘን አይመዘንም፤ ባል የሞተባት ሴት ወንድም ከሞተበት ሰው ይልቅ የማዘን መብት አላት ወይም ያንሳታል አይባልም። ብዙ ቡድን የሚዘነጋው የረጅም ተናጋሪውን ጉዳይ ነው። አንድ ሰው በየሳምንቱ 25 ደቂቃ ሲወስድ ሌሎቹ በትሕትና ዝም ይሉና በአራተኛው ሳምንት መምጣት ይተዋሉ። መሪው በስብሰባው ላይ «አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ያልሰማናቸውን ደግሞ እንስማ» ብሎ በለሰለሰ ቃል ይቁረጥ፤ ከስብሰባው በኋላ ያን ሰው ለብቻው አነጋግሮ በሌላ ቀን ብቻውን የሚሰማው አገልጋይ ይመድብለት። ብዙ መናገር ብዙ ፍላጎት እንዳለ ያሳያል፤ ቡድን ብቻውን አይበቃውም ማለት ነው።

ወደ ትምህርቱ እንግባ። መርሐ ግብሩ ክርስቲያናዊነቱን አይደብቅም። ሞት ጠላት እንደሆነ፣ ክርስቶስ ሞትን እንዳሸነፈ፣ ሐዘንተኛው ተስፋ ማድረግ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል፤ ወንጌልም ይሰብካል። እምነት የሌለውን ጎረቤት የሚጋብዝ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ድጋፍ ነው ብሎ ጠርቶ ሳይጠብቅ ስብከት ማስደመጥ አመኔታን የሚያሳጣ ነገር ነው። «የሃይማኖት ትምህርት አለበት፤ ስለ እምነትህ ግን ማንም አያስጨንቅህም» ማለት ይበቃል፤ መሪውም ቃሉን ይጠብቅ።

ክርክራችን ከትምህርቱ ይዘት ጋር ሳይሆን ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው። በግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ አግኝቶ ማለቅ አለበት። ካሜራ ፊት ቀርቦ ታሪኩን የሚናገረውም ቢያንስ ከጨለማው ጥቂት ወጣ ያለ ሰው ነው፤ ገና ውስጡ ያለው ሰው አይቀረጽም። ስለዚህ ተመልካቹ «እነዚህ ሁሉ ተጽናንተዋል፤ የእኔ እምነት ምን ጎደለው?» ብሎ ራሱን ሊወቅስ ይችላል። ይህን ማስተካከል የሚችለው መሪው ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም ይረዳዋል። የመዝሙረ ዳዊት ሲሶ ያህሉ ሰቆቃ ነው። መዝሙር 88፣ በግእዙ ዳዊት ቁጥር 87፣ ምስጋና ሳይጨመርበት በጨለማ ያልቃል። ያም ሆኖ መዝሙሩ ከቅዱሳት መጻሕፍት አልወጣም፤ በጸሎትም ይደገማል። የመጽናናት ምልክት ሳያሳይ ለሰባት ሳምንት የተቀመጠ ሰው ሊነበብለት የሚገባው ይህ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ያለው የአልዓዛር ታሪክ ለመሪዎች ከየትኛውም መመሪያ የበለጠ ይጠቅማል። ማርታና ማርያም በየተራ ለኢየሱስ የሚናገሩት ነገር አንድ ነው፦ «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» (ቁጥር 21 እና 32)። መልሱ ግን ለየቅል ነው። ለማርታ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሎ ያስተምራታል፤ ለማርያም ሲደርስ ትምህርት የለም፣ መቃብሩ የት እንዳለ ጠይቆ እንባውን ያፈስሳል። የሚያስነሣው መሆኑን እያወቀ ነው ያለቀሰው። መሪው በፊቱ የተቀመጠችው ማርታ ትሁን ማርያም መለየት አለበት። መልስ የምትፈልገው ራሷ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ካልጠየቀች ማርያም ናት ብሎ መጀመር ይሻላል።

የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አፋቸውን ሳይከፍቱ አብረውት በምድር ላይ ተቀምጠዋል (ኢዮብ 2፥13)። ስህተታቸው የጀመረው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። በቡድን ውስጥም ጉዳት የሚያደርሱት ቃላት አብዛኛውን ጊዜ እውነትነት ያላቸው፣ ጊዜያቸው ግን ያልደረሰ ቃላት ናቸው። «ሁሉ ለበጎ ነው» የሚለው ሮሜ 8፥28ን ይዞ የተነገረ ቢሆንም፣ ልጇን ቀብራ ወር ላልሞላት እናት ሲነገር የልጇ ሞት በጎ ነው የተባለ ይመስላታል። «አታልቅሺ፣ እሱ የተሻለ ቦታ ነው ያለው» ማለትም እንዲሁ። ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 «ተስፋ እንደሌላቸው» እንዳያዝኑ ነው የጻፈው፤ አትዘኑ አላለም። ያው ሐዋርያ በሮሜ 12፥15 ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ይላል። በሐዘንተኛ ፊት ሊባል የሚችል አጭር ነገር የሚፈልግ ሰው የሟቹን ስም ጠርቶ «ስለ እሱ ንገሪኝ» ይበል።

መርሐ ግብሩ ጠንከር ያለ እጅ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ አለ፦ ሟቹ ስለ እምነቱ ምንም ሳይናገር፣ ወይም እምነትን ገፍቶ የሞተ ሲሆን። ለዚህ ሰው ቤተሰብ ስለ መንግሥተ ሰማያት በደስታ የሚነገረው ምሽት ከሁሉ የከበደ ምሽት ነው። መሪው ይህ ጉዳይ ያለበት ሰው በቡድኑ ውስጥ እንዳለ ካወቀ ከስብሰባው በፊት ደውሎ የምሽቱን ርዕስ ይንገረው፤ መቅረትም እንደሚችል ይጨምርለት። በውይይቱ ላይ የማንም ሰው ዘላለማዊ ዕጣ አይፈረድም፤ በአዎንታም በአሉታም። በሰውና በእግዚአብሔር መካከል በመጨረሻው ሰዓት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ፈራጁም መሐሪ ነው። ከዚህ አልፎ ማረጋገጫ የሚሰጥ መሪ ያላየውን ይመሰክራል።

የኦርቶዶክስና የካቶሊክ ምእመናን ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ትምህርቱ የተዘጋጀው በወንጌላውያን ፕሮቴስታንት መሠረት ላይ ነው። ለሙታን መጸለይ፣ ፍትሐት፣ መታሰቢያ፣ የቅዱሳን ምልጃ በውስጡ ቦታ የላቸውም። በስብከቱ ተቃውሞ ባይገጥማችሁ እንኳ ይህ መጽናኛ ይጎድላችኋል። ቡድኑን ለውይይቱ ተጠቀሙበት፤ የጸሎቱን ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ያዙት። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ አስቸጋሪ አይደለም፤ አስቸጋሪ የሚሆነው በቡድኑ ውስጥ ክርክር ሲነሣ ነው፤ መሪው ይህን በመጀመሪያው ደቂቃ ሊያቆመው ይገባል።

የመልመጃ መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ሳምንት ለአምስት ቀን የሚሆን ንባብ አለው። ችግሩ ትኩረት ነው። ሐዘን እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና የማስታወስ ኃይልን ይነካል፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ ምን እንዳለ አለማወቅ የተለመደ ነው። ስለዚህ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይረዳል። አምስቱን ቀን መሙላት ያልቻለ ሁለቱን ይሙላ፤ በስብሰባው ላይም «ማን ጨረሰ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል መሆን አለበት፤ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሆኖ መቀመጥ ያሳፈረው ሰው ሐዘኑንም ይዞ ይቀራል።

ከመጽሐፉ ጥያቄዎች ይልቅ የራስን ሰቆቃ መጻፍ የበለጠ ሲሠራ ይታያል፤ ለዚህ ደግሞ መዝሙር 13 (በግእዙ 12) ምቹ መነሻ ነው፤ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች አቤቱታ አለ፤ «እስከ መቼ» የሚለው አራት ጊዜ ይመጣል። ቀጥሎ ልመና፣ መጨረሻ ላይ መታመን። ጸሐፊው እግዚአብሔርን በስሙ ጠርቶ ይጀምር፤ ከዚያ ያመመውን ነገር በዝርዝር ይጻፍ፤ «አዝኛለሁ» ሳይሆን «ማታ በሩ ሲንኳኳ እሷ ትመስለኛለች» ዓይነቱን። ቀጥሎ የሚፈልገውን አንድ ነገር ይለምን፤ ለዛሬ ሌሊት እንቅልፍም ቢሆን። አራተኛው፣ የመታመኑ ክፍል፣ ካልመጣ ባዶ ቦታ ይተውለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ያልተሰማውን መታመን ለመጻፍ ብሎ ከላይ ያለውን አቤቱታም ያለሰልሰዋል፣ ወረቀቱ በሙሉ ውሸት ይሆናል። ባዶውን ቦታ ከሳምንታት በኋላ መሙላት ይቻላል፤ መዝሙር 88 ሳይሞላ ቀርቷል።

መቼ ይጀመር ለሚለው የተቆረጠ ቀን የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት አብዛኛው ሰው ደንዝዞ ነው ያለው፤ ቤቱም ሰው አይለየውም። የቡድን ፍላጎት የሚመጣው ጠያቂው ሲቀንስ ነው። ከዚያ በፊት ለመሞከር የሚፈልግ ድርጅቱ በየዕለቱ በኢሜይል በነፃ የሚልከውን ለ365 ቀን የሚዘልቅ አጭር ንባብ ይጀምር፤ ከማንም ጋር መቀመጥ አይጠይቅም። ሁለት ጊዜ መውሰድም አያሳፍርም፤ በመጀመሪያው ዙር የተነገረው ግማሹ አይሰማም። የመጀመሪያው ምሽት ከባድ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ ባሉት ሰዓታት ሐዘኑ የባሰ ሊመስል ይችላል። በዚያ ምሽት ስምን፣ ማን እንደሞተና መቼ እንደሞተ መናገር ይበቃል። ሦስት ስብሰባ ሳይሞክሩ አይወስኑ፤ ከሦስቱ በኋላም የማይስማማ ከሆነ ሌላ አጥቢያ ያለውን ቡድን መሞከር ይሻላል፤ ጉድለቱ ከመሪው ሊሆን ይችላል።

«አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች» የሚባለውን (መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርትና መቀበል) ይዞ የሚያስተምር መሪ ከገጠማችሁ ጠንቀቅ በሉ። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ደረጃዎቹን ያቀረበችው ራሳቸው ለመሞት የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው፤ ለሐዘንተኛ የጊዜ ሰሌዳ አልነበረም። እውነተኛው ሐዘን ይመላለሳል። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት ሐዘንተኛ አንዴ ወደ ጉዳቱ፣ አንዴ ወደ ቀሪው ኑሮ ይመላለሳል፤ ሁለቱም ያስፈልጉታል። ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት በኋላ የባንክ ጉዳይ የጨረሰ ሰው ሐዘኑን አልካደም። ስለዚህ በውይይቱ ውስጥ ስለ ትዝታ ብቻ ሳይሆን ስለ ውርስ ወረቀት፣ ስለ ልብስ ማውጣት፣ ብቻን ሆኖ መኪና ስለ መንዳትም መነጋገር ተገቢ ነው። «መንፈሳዊ አይደለም» ብሎ የሚያቋርጥ መሪ የቡድኑን ግማሽ ጥቅም ያጠፋል።

ቡድኑ ሕክምና አይደለም፤ መሪዎቹም የአእምሮ ሐኪሞች አይደሉም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለው የምርመራ መመሪያ የተራዘመ ሐዘንን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቧል፤ ከሞቱ ቢያንስ 12 ወር ላለፈው አዋቂ፣ ለልጆች ደግሞ 6 ወር። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ 6 ወርን ይወስዳል። ምልክቱ ማልቀስ አይደለም። በየቀኑ ማለት ይቻላል ሟቹን ከመናፈቅ ሌላ ነገር ማሰብ አለመቻል፣ ራስን ግማሹ እንደሞተ ማየት፣ ሞቱን ማመን አለመቻል፣ ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ አለመቻል ነው። ይህ ሲታይ ለዚህ የተሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ቡድኑን ማቆም ግን ግዴታ አይደለም። «መሞት እፈልጋለሁ» የሚል ቃል ሲሰማ ደግሞ መሪው በቀጥታ ይጠይቅ፦ ራስህን ለማጥፋት እያሰብህ ነው? መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥረውም። መልሱ አዎን ከሆነ ያ ሰው በዚያ ምሽት ብቻውን ወደ ቤቱ አይሂድ፤ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ራሱን ባጠፋ ሰው የተነሣ የመጣ ሐዘንና በግድያ የመጣ ሐዘን በድብልቅ ቡድን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይታፈናሉ፤ ተመሳሳይ ሐዘን ያላቸው ሰዎች ቡድን ካለ ያንን ማስቀደም ይሻላል። ልጆች የራሳቸው ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ለአዋቂ የተሰናዳ ነው።

ከዋናው ዙር ውጪ የአንድ ቀን ሁለት ስብሰባዎች አሉ፤ አንዱ ባል ወይም ሚስት ለሞተባቸው፣ ሌላው ከበዓላት በፊት የሚሰጥ። የበዓሉ በተለይ ይመከራል። ዋናው ቁም ነገሩ አስቀድሞ መወሰን ነው፦ ማን ይመጣል፣ ከልማዱ ምን ይቀራል፣ እስከ መጨረሻው መቆየት ካልተቻለ በማን መኪና ይወጣል። ዋናውን ዙር መግባት የከበደው ሰውም በዚህ ሊጀምር ይችላል።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ እንይ። ቡድን የማይስማማው ሰው ስቲቨን ሚኒስትሪን ይጠይቅ። መጋቢና የሥነ ልቦና ባለሙያ በሆነው ኬነዝ ሆግ እ.ኤ.አ. በ1975 በሴንት ሉዊስ የተጀመረ ነው። ለዚሁ የሠለጠነ ምእመን በሳምንት አንድ ጊዜ አንድን ሰው ለብቻው ያገኛል፤ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት። ዓይን አፋር ለሆነ ሰው፣ በተለይ ለወንዶች፣ ይህ ይበልጥ ይስማማል። ገና ላልሞተ፣ ለሚያጣጥር ሕመምተኛ ቤተሰብ ግን የሐዘን ቡድን አይሆንም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ሆስፒስ፣ ማለትም መዳን የማይችለውን ሕመምተኛ ሥቃይ እያስታገሰ ቤተሰቡን የሚደግፍ አገልግሎት ነው። ሲስሊ ሳውንደርስ፣ ክርስቲያን ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ስትከፍት ሕመም አካላዊ፣ ሥነ ልቦናዊ፣ ማኅበራዊና መንፈሳዊ ፊቶች አሉት ብላ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ሆስፒስ የሚታወቀው አራቱን በመያዙ ነው። በአሜሪካ በሜዲኬር፣ በተለይ ለአረጋውያን በሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፈለው ሆስፒስ ለቤተሰቡ ከሞቱ በኋላ እስከ አንድ ዓመት የሐዘን ድጋፍ ማቅረብ ግዴታው ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

በኢንተርኔት የሚካሄዱ ቡድኖችም አሉ። ርቀትን ይፈታሉ፤ ጉድለታቸው አልቅሶ ኮምፒውተሩን የዘጋው ሰው በዚያው ቅጽበት ብቻውን መቅረቱ ነው። ጥሩ መሪ ስብሰባው ካለቀ በኋላ 15 ደቂቃ መስመሩን ክፍት ይተዋል። ሲመዘገቡ ደግሞ የሚመራበትን ቋንቋ ይጠይቁ፤ በሥራ ቦታ እንግሊዝኛ የሚበቃው ሰው በእንግሊዝኛ ማዘን ላይበቃው ይችላል። ክፍያው ብዙውን ጊዜ የመልመጃ መጽሐፉን የሚሸፍን ነው፤ አቅም የሌለው ይናገር፣ ብዙ አጥቢያዎች ይተውለታል።

ቡድኑን መክፈት ለሚፈልግ አጥቢያ ጥቂት ነገር እንጨምር። መሪ ቢያንስ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲያወያይ ሌላው ሮጦ የወጣውን ሰው ተከትሎ ይወጣል። ሐዘኑ ገና ትኩስ የሆነ ሰው መሪ አይሁን፤ የራሱን ሐዘን በሰው ላይ ያራግፋል። ከ13ኛው ሳምንት በኋላ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከመጀመሪያው ይታሰብ፤ ብዙ ቡድን በዚህ ይወድቃል፤ ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ የተገናኙ ሰዎች በአንድ ምሽት ይበተናሉ። በ12ኛው ሳምንት እያንዳንዱ የሞቱን ቀንና የሟቹን ልደት በወረቀት ይጻፍ፤ በእነዚያ ቀናት የሚደውል ሰው በስም ይመደብ። ደዋዩ የሟቹን ስም ጠርቶ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ካለ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ወረቀቱ በአንድ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ ያ ሰው ከአጥቢያው ሲለቅ ለሚተካው ያስረክብ።